ጎማውን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ የናፍቆቱን በስልክ እንጨዋወታለን፣ ዛሬ ስለ ብስክሌትህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ያ የድሮ የብረት የእሽቅድምድም ብስክሌት አሁንም እጅህ ላይ መሆኑ በጣም ደስ ብሎኛል። 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ የባሕር ዳርን ኮብልስቶን መንዳት ግን ወገብ ይጨርሳል፤ ቸርኬውን (ጎማው የሚለብስበትን ቀለበት) አሳንሶ ሰፊ ጎማ የማስገባት ሐሳብህ ትክክል ነው። ይሁን አይሁን ደግሞ ገበያ ሳትወጣ ቤትህ ለክተህ ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ኢንቹን እርሳው። «26» የሚባለው ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የተራራ ብስክሌቱ 559 ሚሊ ሲሆን የድሮው 26 በ1 3/8 ግን 590 ነው። አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ በምንም መንገድ አይሆንም። 27 በ1 1/4 የሚባለው ደግሞ 630 ነው፣ «28» ተብሎ ከሚሸጠው 622 ይበልጣል! እውነቱን የሚነግርህ የጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዘው ቁጥር ነው። የአንተው 23-622 ይላል፤ 23 የጎማው ስፋት፣ 622 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር።

ለአንተ የሚሆነው 584 ነው፤ 650ቢ ወይም 27.5 ይሉታል። ጎማው ከነቸርኬው ያለውን ጠቅላላ ዲያሜትር ለማግኘት 622 ላይ ሁለት ጊዜ 23 ስትደምር 668 ይመጣል። 584 ላይ ሁለት ጊዜ 42 ስትደምርም 668 ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ከመሬት ያለው ከፍታ አይለወጥም፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪህንም አትነካካውም። በ38 ጎማ 4 ሚሊ ዝቅ ትላለህ፣ አያስጨንቅም። በ32 ግን 10 ሚሊ ስለምትወርድ ኩርባ ላይ ፔዳሉ መሬት ሊመታ ይችላል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው የቴላዮውን (የብስክሌቱን አካል) ክፍተት ሳይለካ ነው። አዲሱ ጎማ በጣም የሚሰፋው ከአክስሉ 313 ሚሊ ገደማ ላይ ነው፤ የ584 ግማሽ 292፣ የ42 ግማሽ 21። የአሁኑ ግን ወደ 322 ይጠጋል። ትንሹ ቸርኬ ሰፊውን የጎማ ክፍል 10 ሚሊ ያህል ወደ ኋላ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚያቅፉት የቴላዮው ቱቦዎች ሰፋ ወደሚሉበት ይወስድልሃል፤ የ584 ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸ ነው። የኋላውን ጎማ አውጣና ከአክስሉ መቀመጫ መሐል 313 ለክተህ ቱቦዎቹ ላይ ምልክት አድርግ። 50 ሚሊ ስፋት ያለው ካርቶን ቁረጥና እዚያው መሐላቸው አስገባ። ሳይታጠፍ ካለፈ 42 ይገባል፣ በየጎኑ 4 ሚሊ ይተርፋል። ካላለፈ ወደ 46 ቀንሰህ ሞክር፤ ያ ካለፈ 38 ግዛ። ከ4 ሚሊ በታች ግን አትውረድ፤ ቸርኬ ኩርባ ላይ ይለጠጣል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ይጠቀጠቃል፣ ጎማው ቱቦውን እየፋቀ ከቀለሙ አልፎ ብረቱን ይበላዋል። ፎርኬላውንም (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) እንዲሁ ለካ። ጎማው ላይ የተጻፈውን ስፋት ብቻ አትመን፤ 42ቱ ሰፊ ቸርኬ ላይ 44 ሊሆን ይችላል። ነፍተህ አሳድረውና በካሊብሮ ለካው።

ፍሬኑ ላይ ደግሞ ቸርኬው ከመሐሉ በ19 ሚሊ ስለሚያጥር ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ላስቲክም 19 ሚሊ መውረድ አለበት። ፍሬኑ ከታሰረበት ብሎን መሐል እስከ ላስቲኩ መሐል ለካ፤ አሁን 45 ከሆነ አዲሱ 64 ይሆናል። የተለመደው የእሽቅድምድም ፍሬን የሚደርሰው ከ39 እስከ 49 ነው። ቴክትሮ አር559 ከ55 እስከ 73 ስለሚደርስ የምመርጥልህ እሱን ነው። በረጅም ብሎን ከውጭ በዳዶ የሚታሰረውን ጠይቅ፤ ዳዶው የሚደበቀው ዓይነት በድሮ ቴላዮ ላይ ሳይበሱ አይገባም። ክንዱ ሲረዝም ኃይሉ ስለሚቀንስ በላስቲክና በካቦ አትቆጥብ። ላስቲኩ ከፍ ብሎ ከታሰረ የጎማውን ጎን በልቶ ካላማዳሪያውን ያፈነዳል። ዝቅ ካለ ከቸርኬው ሾልኮ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ።

የተራራ ብስክሌት ሙሉ 27.5 ጎማ ገዝተህ እንዳትመጣ። የኋላ ሞዞው (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው እምብርት) ስፋቱ 135 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ጎማውም አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊ ያልፋል። ለዲስክ ፍሬን የተሠራ ቸርኬ ደግሞ ጎኑ ላስቲክ የሚይዝበት ፊት የለውም። የሚሻለው በቀዳዳ ቁጥር ከሞዞህ ጋር እኩል የሆነ ባዶ ቸርኬ ገዝተህ በራስህ ሞዞ ላይ ማስወጠር ነው፤ ሽቦዎቹ አጠር ያሉ አዲስ መሆን አለባቸው። ሞዞ መለወጥ ከፈለግህም ለ126 ሚሊ ሞዞ የተሠራ ቴላዮ የ130 ሞዞ በእጅ ከፈት ሲደረግ ይቀበላል፣ ብረት ስለሆነ። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ አትሞክረው እልህ ነበር።

ሲያልቅ አየሩን እንደ 23ቱ እንዳትሞላው። 75 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው በ42 ጎማ ከ2.5 እስከ 3 ባር የአየር ግፊት ይበቃል፤ በፒኤስአይ ከ35 እስከ 45 መሆኑ ነው።

የቴላዮውን ክፍተት ከፊትም ከኋላም፣ የፍሬኑን ልክና የሞዞህን ቀዳዳ ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ፤ የሽቦውን ርዝመት አስልቼ እመልስልሃለሁ። እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ