የቆዩ የሆሊውድ ፊልሞች ጥያቄ ካርዶችን በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በአዲሱ የካርድ እሽጋችን ከእያንዳንዱ መልስ ሥር የትኛው መልስ እንደሚቆጠር የሚገልጽ፣ በደቃቁ የተጻፈ አንድ መስመር ታያላችሁ። «የዳኛ መስመር» ብለነዋል። ጥያቄ የሚያነበው ሰው አስቀድሞ እንዲያየው እንጂ ለተጫዋቾች እንዲነበብ አይደለም።

በዚህ ጨዋታ ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ አንዱ አውቆ ሌላው ስላላወቀ ሳይሆን ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነው። «ካዛብላንካ» የስንት ዓመት ፊልም ነው ቢባል አንዱ 1942፣ ሌላው 1943 ይላል። ፊልሙ ኒው ዮርክ ላይ መጀመሪያ የታየው በኖቬምበር 1942 ነው፤ በመላ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው በጃንዋሪ 1943፤ የምርጥ ፊልም ኦስካሩን የወሰደው ደግሞ ከ1943 ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ፣ በማርች 1944 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ላይ። ስለዚህ በካርዶቻችን «የወጣበት ዓመት» ማለት መጀመሪያ ለሕዝብ የታየበት ነው። ኦስካር ሲጠየቅ ግን የሚቆጠረው ፊልሙ የተወዳደረበት ዓመት እንጂ ሽልማቱ የተሰጠበት ምሽት አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር አስቦ የሚመልስ ሰባት ስምንት ዓመት ስለሚስት ዳኛው ገና ሲጀመር ይናገር።

ሁለተኛው የክርክር ምንጭ ሽልማት አቆጣጠር ነው። ዋልት ዲዝኒ ስንት ኦስካር ወሰደ? ተወዳድሮ ያሸነፈው 22 ነው፤ የክብሮቹ 4 ሲጨመሩ 26 ይሆናል። ጥያቄው የትኛውን እንደሚፈልግ ካልተናገረ ሁለቱንም ተቀበሉ። አልፍሬድ ሂችኮክ በዳይሬክተርነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንዴም አላሸነፈም። «ሬቤካ» የ1940 ምርጥ ፊልም ተብሎ የለም ወይ ለሚል ተከራካሪ መልሱ አጭር ነው፦ ያ ሽልማት የፕሮዲዩሰሩ የዴቪድ ሴልዝኒክ ነው። የ1968ን ምርጥ ተዋናይት ጥያቄ ደግሞ ካትሪን ሄፕበርን ያለም ባርብራ ስትራይሳንድ ያለም ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ እኩል ወጥተው ሁለቱም ተሸልመዋል።

በዳይሬክተር ጥያቄ የምንይዘው በፊልሙ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የቪክተር ፍሌሚንግ ነው እንላለን፣ ምንም እንኳ ጆርጅ ኩከር ጀምሮት ሳም ዉድም የተወሰነውን ቢቀርጽ። «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ላይም የካንሳሱን ክፍል ያዘጋጀው ኪንግ ቪዶር ነው፤ ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ካለ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ቢሰጠው አይበዛበትም። ደጋግመው የተሠሩ ፊልሞች ደግሞ ዓመታቸው ካልተጠራ ጥያቄ አይሆኑም። የ«ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» ዋና ተዋናይት በ1937 ጃኔት ጌይነር፣ በ1954 ጁዲ ጋርላንድ፣ በ1976 ስትራይሳንድ ናት።

«እስካሁን ከፍተኛው» የሚሉ ጥያቄዎችን ከእሽጉ አውጥተናል፤ ሪከርድ ይሰበራል፣ የታተመ ካርድ ግን አይታረምም። በምትኩ «ከ1997 በፊት 11 ኦስካር የወሰደ ብቸኛው ፊልም ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ የ1959ኙ «ቤን ኸር» ነው፣ አይለወጥም። የንግግር ጥቅስም ከፊልሙ ራሱ ካልተሰማ አናስገባም። ሰው ሁሉ የካዛብላንካ ነው የሚለው «ሳም፣ ደግመህ ተጫወተው» በፊልሙ ውስጥ የለም፤ የፊልሙ ሴት ገጸ ባሕርይ ኢልዛ ለፒያኖ ተጫዋቹ የምትለው «ተጫወተው፣ ሳም» ነው።

ስለ አጨዋወቱ። ከሦስት እስከ አምስት ቡድን፣ በቡድን ከአራት ሰው ባይበልጥ ይመረጣል፤ አምስተኛው ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። አራት ዙር፣ በዙር 10 ጥያቄ፦ አምስት አረንጓዴ (ቀላል)፣ ሦስት ቢጫ (መካከለኛ)፣ ሁለት ቀይ (ከባድ)። በቀይ አትጀምሩ፣ ሁለት ተከታታይ ዜሮ ያገኘ ቡድን ስልኩን መነካካት ይጀምራል። መልስ በ30 ሴኮንድ ውስጥ በወረቀት ይጻፍ። በአፍ ከሆነ የሚያሸንፈው ድምፁ ትልቁ ነው። ሆሄ አይታይ፣ ተዋናዩ ቦጋርትም ተባለ ቦገርትም አንድ ሰው ነው፤ የአባት ስም ብቻውን ይበቃል። ሄፕበርን፣ ፎንዳና ባሪሞር ሲሆኑ ግን የራስ ስም ግድ ነው፤ ኦድሪ እና ካትሪን አይዛመዱም፣ ባሪሞሮቹ ደግሞ ላይነል፣ ኤተልና ጆን ሦስት ወንድማማችና እህት ናቸው።

እኩል ከወጡ የቁጥር ጥያቄ ጠይቁና ለመልሱ የቀረበው ያሸንፍ፦ የአልባሳት ዲዛይነሯ ኤዲት ሄድ ስንት ጊዜ ለኦስካር ታጨች? 35 ጊዜ። የፊልም ርዝመት በደቂቃ ግን አትጠይቁ። በረጃጅሞቹ ፊልሞች የመግቢያው ሙዚቃና የዕረፍቱ ጊዜ አንዴ ይቆጠራል፣ አንዴ አይቆጠርም።

የቀድሞው እሽግ ያላችሁ ደንበኞች አዲስ መግዛት አይጠበቅባችሁም። በሳጥኑ ሥር ያለውን ቁጥር ብትልኩልን የዳኛ መስመሮቹን በካርድ ተራ ቁጥር የያዘ ወረቀት ያለ ክፍያ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የካርዶቹ አዘጋጆች