ፊታቸውን ከማንጣት ሰዓቱን መጠበቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጥር ሲቃረብ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ነጭ የለበሱ ጥንዶች ይበዛሉ። ሽማግሌ ተልኮ እሺ የተባለላቸው፣ ቀለበት ያሰሩ ወጣቶች ከሠርጋቸው በፊት ፎቶ ለመነሳት ከከተማ ወጣ ይላሉ። ፕሪ ዌዲንግ የሚባለው ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በዚሁ ሥራ የምንተዳደር ሁለት ፎቶ አንሺዎች ነን። ያሳሰበን በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ፊት የጥንዶቹ አለመሆኑ ነው። ፊቱ በኮምፒዩተር ነጥቶ፣ አንገቱና እጁ ጠይም እንደሆኑ ይቀራሉ። ሰው ሁሉ ኤዲቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው። በማይሆን ሰዓት፣ በማይሆን አቅጣጫ ተነስቶ ፊት የጠቆረበት ፎቶ ነው ኋላ በግድ እንዲነጣ የሚደረገው።

ስለ ሰዓቱ እንጀምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትወጣውም የምትገባውም ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ጥር ላይ ጠዋት በሰዓት ወደ 14 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች። ኢንተርኔት ላይ ስለ ወርቃማው ሰዓት፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ብርሃኗ ወርቅ ስለሚመስልበት ጊዜ፣ የሚነበበው ምክር ግን በአብዛኛው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰው የተጻፈ ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ተጋድማ፣ በዚህ ግማሽ ያህል ፍጥነት ስለሆነ ፎቶ አንሺው ፋታ አለው። እኛ ጋ ፋታ የለም። ወርቅ የመሰለው የመጨረሻ ብርሃን ከ25 ደቂቃ ብዙም አይዘልም።

ጥር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣለች። 3 ሰዓት ላይ 30 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ የቅንድብ ጥላ ዓይን ላይ፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጠዋቱ ሥራ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ እስከ 3 ሰዓት ነው። ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ማለትም እስከ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ድረስ ይሠራል። ኅዳር ላይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሁሉንም ወደ 20 ደቂቃ ማስቀደም ያስፈልጋል። ከፋሲካ በኋላ ለሚሠረጉት ይብሳል፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ቆሞ ዓይኑ የሚታይ ሰው የለም።

እነዚህ ሰዓቶች የሚያገለግሉት ለገላጣ ሜዳ ነው። ከወጨጫ በስተምሥራቅ ባሉ ቦታዎች ግን ፀሐይ ከተራራው ጀርባ የምትገባው ከመጥለቂያዋ ሰዓት ቀድማ ነው። ከተቻለ በዋዜማው በዚያው ሰዓት ሄዶ ጥላው መቼ እንደሚመጣ ማየት ይበጃል።

ሰዓቱን የሚበላው ደግሞ ሜካፕ ነው። የ10 ሰዓት ተኩል ብርሃን የሚፈለግ ከሆነ ሙሽሪት ከወንበሩ 8 ሰዓት ላይ መነሳት አለባት፤ መንገዱና ልብስ መቀየሩ የቀረውን ይወስዳሉ። ሜካፑ ራሱ ከአንገቷ አንድ ደረጃ ነጣ ካለ ቤት ውስጥ አምፖል ሥር አይታወቅም፣ በማታ ፀሐይ ግን አገጭ ሥር መስመር ሆኖ ይወጣል። ፋውንዴሽኑ ከአንገቷ ጋር መግጠሙን በር ላይ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፊት። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ያኔ ጠይሙ ፊት ይጨልማል። በተቃራኒው ጠጋ ብለን ጠይም ፊት ብቻ ስናነሳ ብርሃን ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል፤ ያኔ ፊቱ አመድ የመሰለ ይሆናል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም ይደርሳሉ፤ ኤዲት የሚያደርገው ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው መለኪያውን ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው በነጥብ (ስፖት) ላይ አድርጎ ጉንጭ ላይ መለካት ነው። ጠቆር ላለ ፊት ከተለካው ወደ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ፣ ዝቅ ማድረግ፣ ለቀይ ዳማ ፊት እንደተለካው መተው፣ ከዚያ ካሜራው በራሱ እንዳይለውጠው ማኑዋል ላይ ቆልፎ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ አለመንካት። ሙሽራው ጠቆር፣ ሙሽሪት ቀላ ካለች በእሷ ለክቶ እሱን ወደ ብርሃኑ ምንጭ ማስጠጋት ይሻላል። ከዚያ ሂስቶግራሙን፣ ካሜራው ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ማየት ነው፤ የቀኙ ጫፍ ግድግዳውን ከነካ የቀሚሱ ጥለት ጠፍቷል ማለት ነው። በራው፣ ማለትም ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ካልተነሳ የጠፋው ጥለት ተመልሶ አይመጣም፣ በራውም ቢሆን መመለሱ ልክ አለው።

ነጠላና ጋቢ እዚህ ላይ ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ሁለት ሚዜዎች ከጥንዶቹ ራስ በላይ ወጥረው ቢይዙት ጠንካራው ፀሐይ ይለሰልሳል፤ ጥለቱ ግን ወደ ጎን መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ቀለሙ ግንባር ላይ ያርፋል። ጋቢ ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን ይመልሳል። ፀሐይ ከጥንዶቹ ጀርባ ስትሆን ነጭ ጋቢ ከፊታቸው በ1 ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ በሚያገኘው መሬት ላይ ቢነጠፍ የአገጭ ሥር ጥላ ይነሳል፣ ዓይን ውስጥም የብርሃን ነጥብ ይገባል። ጋቢ ሳናነጥፍ ሣር ላይ ስንቆም ደግሞ አረንጓዴው ወደ አንገት ይንጸባረቃል፤ ብዙዎች የቆዳ ችግር ነው ብለው የሚያጠፉት ይህንኑ ነው። ወርቃማ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) ጠይም ቆዳ ላይ ብርቱካን ያወጣል፣ ብርማው ደግሞ ዓይን ያስጠብባል። ነጩን ይዞ መሄድ ነው። ያም ሆኖ ዓይናቸውን የሚያጠቡ ጥንዶች ካሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሦስት ሲባል እንዲገልጡ ማድረግ ነው።

አቅጣጫ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ፎቶ አንሺው ጭብጡን ፊቱ ላይ በክንድ ርቀት ይዞ በቆመበት ቀስ ብሎ ይዙር፤ ጥላው ጭብጡ ላይ በለሰለሰበት አቅጣጫ ጥንዶቹ ፊታቸውን ወደ ፎቶ አንሺው አዙረው ይቁሙ። እንጦጦ ላይ ከተማውን ከኋላ አድርጎ መነሳት የሚወደድ ነው። ሆኖም ከተማው በደቡብ በኩል ነው፣ በበጋ ደግሞ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ያ ፎቶ አብዛኛውን ቀን ፀሐይን ከጀርባ ያደርጋል። ቀትር ላይ ከተማው ጭጋግ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል፤ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምትሄድ ከጎን ገብታ ፊቱንም ከተማውንም ታበራለች። ቦታው አንድ ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለየው። በር ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ለካሜራም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅም አይረሳ።

ባሕር ዛፍ ብዙ ፎቶ ያበላሻል። ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፀሐይ በዥጉርጉር ነው የምትገባው። አንድ የብርሃን ነጠብጣብ ጉንጭ ላይ ካረፈ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ በሦስት ስቶፕ ሊበልጥ ይችላል፤ እሱን የሚያስተካክል ኤዲት የለም። ከጫካው መሐል ይልቅ ጫፉ ይሻላል። የዛፎቹ ጥላ ሜዳው ላይ የወደቀበትን ፈልጎ፣ ጥንዶቹን ከጥላው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር አስገብቶ፣ ፊታቸውን ወደ ገላጣው ሰማይ ማዞር ነው። እኛ ባለንበት ከፍታ የጥላ ብርሃን ከሰማዩ ሰማያዊ ይቀበላልና ዋይት ባላንሱን፣ የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ፣ ከ7000 ኬልቪን በላይ ከፍ ካላደረጉት ፊቱ የታመመ ይመስላል። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ጽዱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ብርሃን ያጥራል፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከ800 እስከ 1600 ማድረስ ግድ ይላል።

ሹሩባ ላይ አንድ ቃል። ከፊት የመጣ ብርሃን ሹሩባውን አንድ ጥቁር ቆብ ያስመስለዋል። ከጎን ዝቅ ብሎ የመጣ የማታ ፀሐይ ግን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ያወጣዋል፣ በመካከሉ ያለው የራስ ቆዳ ሳይቀር ይታያል። ስንት ሰዓት ተቀምጣ የተሠራችው ሹሩባ እንዲታይ የሚፈልግ በዚያ ሰዓት ጎኗን ወደ ፀሐይ ያዙራት። ፀሐይ ከጀርባ ከሆነች ደግሞ ሌንሱ ላይ መከላከያ ማድረግ፣ ከሌለም በእጅ መጋረድ፣ አለበለዚያ ሙሉው ምስል ወተት ይሆናል።

ለሁለት ሰው ሌንሱን እስከ መጨረሻው መክፈት ሌላው ስሕተት ነው። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ ኤፍ 1.8 ከሆነ (የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል) ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋት ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋ ላይ ሲያጎነብስ ፊቱ ከዚያ ውጭ ነውና ብዥ ይላል። ኤፍ 4 ቢደረግ ስፋቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኤፍ 2 የሚፈልግ ሁለቱን ግንባር ለግንባር፣ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ያቁማቸው። የመዝጊያው ፍጥነት ለቆሙት 1/250 ሰከንድ፣ ለሚራመዱት 1/500 ይበቃል። ማታ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ነፋስ ስለሚኖር ነጠላው እንዳይደበዝዝ ካስፈለገ አሁንም 1/500 ነው።

ቀለበቱን ለብቻው ሲያነሱ በጥላ ሥር፣ በኤፍ 5.6፣ ጣቶቹ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ጎን ይዘርጉ። ወርቅ መስታወት ነው፤ ዙሪያው ጥቁር ኮት ካለ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የነጠላውን ጫፍ ከቀለበቱ በላይ ጠጋ አድርጎ መያዝ ነጩን ስለሚያንጸባርቅ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ይታያል።

ለክረምት ብዙ አንልም። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይበረታልና ጠዋቱን መያዝ ነው። ደመና ብርሃኑን ቢያለሰልስም ከላይ ስለሚመጣ ጥንዶቹ አገጫቸውን ትንሽ ቀና ያድርጉ።

ስለ ማሳም መባል ያለበት አለ። መስከረም ላይ አደይ አበባ፣ ኅዳር ላይ የደረሰ ጤፍ ለፎቶ ያምራሉ። የደረሰ ጤፍ ግን በቀሚስ ሲነካካ ይረግፋል፤ የገበሬው የዓመት ልፋት ነው። ባለቤቱን ጠይቆ ወሰኑ ላይ መቆም፣ ከዚያ ረዘም ባለ ሌንስ፣ ከ85 እስከ 135 ሚሊ ሜትር፣ ዝቅ ብሎ ማንሳት ነው። ረጅም ሌንስ ከኋላ ያለውን ስለሚያቀራርበው ጥንዶቹ ማሳው መሐል የቆሙ ይመስላሉ፣ አንድ ዘለላም አይረገጥም። ለአደይ አበባውም ያው ነው።

ለእጮኛሞች አንድ ልመና አለን። ለፎቶ አንሺ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያማረ አልበሙን ብቻ አትዩ። ከከተማ ውጭ በፀሐይ የተነሳ፣ ኤዲት ያልተደረገ አንድ ፎቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ፊቱን ከእጁ፣ አንገቱን ከጆሮው ጋር አስተያዩ፤ ጥለቱ ላይ ያለው ቀለም ተቆጥሮ ይለይ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት ፎቶ አንሺዎች፣ ከሱሉልታ