ለእማዬ፦ ለዐይንሽ ቀዶ ጥገና ከመተኛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን አሳጠርኩት፤ ቀኑ ስለደረሰ ነው።

እትዬ ትናንት ማታ ደውላ «የዐይን ፀጉር የተቀለበሰባቸውን በነጻ ሊያክሙ በሚመጣው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይገባሉ፣ እማዬንም አስመዝግበናታል» አለችኝ። እማዬ፣ ለዚህ ጊዜ አትተኚላቸው። ሄደሽ ከሆነም መጀመሪያ አፍሽን ከፍተሽ ድድሽን አሳዪያቸው፤ «ውሃ የሚቋጥር በሽታ አለብኝ፣ ፔምፊጎይድ ነው ተብያለሁ» በያቸው። ስሙን ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ሚጡ በትልቁ ጽፋ ትስጥሽ።

ሰዎቹ ክፉ ሠሩ ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ሲገባ ሁሉም የሚያስበው ማዝን፣ ትራኮማ የሚሉትን ነው፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። ለማዝ የሚሠሩት ቀዶ ጥገና የዐይን ቆቡን አደንዝዘው ከውስጥ በኩል ሰንጥቀው ጠርዙን ወደ ውጭ አዙረው መስፋት ነው፤ ስንቱን ዐይን አድኗል። የአንቺ ፀጉር የተቀለበሰው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ላይኛውን ስስ ቆዳ ከሥሩ ካለው ጋር አጣብቆ የሚይዝ ነገር አለ። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ያንን ማጣበቂያ ጠላት መስሎት ይወጋዋል። ስለዚህ ቆዳው ይላቀቅና ውሃ ይቋጥራል፤ አፍ ውስጥ፣ ዐይን ላይ፣ አንዳንዴ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ልጆቹን መሳም አትፍሪ። ዐይን ላይ ያለው ቋጠሮ ቶሎ ስለሚፈነዳ ማንም አያየውም፤ የሚታየው መቅላትና መቆርቆር ብቻ ነው። ከዚያ በጠባሳ ይድናል። ጠባሳው ደግሞ እርጥብ የበግ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲውል እንደሚኮማተረው ይኮማተራል፣ የዐይን ቆቡንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሕመሙ ሳይበርድ ቢላ ከገባበት ሌላ ቁስል፣ ሌላ ጠባሳ ነው፤ ፀጉሩም ተመልሶ ይገባል፣ ቆቡም የባሰ ይጠብቃል። በመድኃኒት ለወራት ጸጥ ካለ በኋላ፣ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ፣ ሊሠራልሽ ይችላል። አሁን ግን ዐይንሽ ገና ቀይ ነው።

ሚጡ፣ እዚህ ጋ ንባቡን አቁሚና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አያትሽን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጫት፣ ወደ ጣሪያ ትመልከት፣ አንቺ የታችኛውን የዐይን ቆብ ከጉንጯ በኩል ቀስ ብለሽ ወደ ታች ሳቢው። ጤነኛ ዐይን እዚያ ጋ እንደ ኪስ ጎድጎድ ይላል። ኪሱ ሞልቶ ወይም አጥሮ ከሆነ፣ ወይም ከቆቡ ወደ ነጩ የተወጠረ ስስ ክር መሰል ነገር ካለ በስልክ አንሺው። ሁለቱንም ዐይን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ክሩን እንዳትነኪው፣ አላቅቃለሁም እንዳትይ። ማዝ ጠባሳውን በብዛት የሚተወው ከላይኛው ቆብ ሥር ነው፤ የታችኛው ኪስ ሲያጥር ግን ሐኪሙ ሌላ ነገር እንዲጠረጥር ይረዳዋል።

ፀጉሩ እየወጋሽ እስከዚያ እንዴት ትቆያለሽ? መንቀል ይቻላል። ግን እትዬ በዚያ ለእሾህ በምታወጣበት ወረንጦ አይደለም። ጫፉ በደንብ የሚገጥም ወረንጦ ይፈላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ፀጉሩን ከሥሩ ይዛ በበቀለበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋ ትሳብ። መሃል ላይ ከተቆረጠ የቀረው ጉቶ ከረጅሙ ፀጉር ይልቅ ይወጋል። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ተመልሶ ስለሚበቅል ቀኑን ጻፉት። የእትዬ ዐይን ካልበረታ ግን ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ትንቀልልሽ፤ ለዚያ ሂጂ፣ ደስ ይለኛል።

ስለ መድኃኒቶቹ። ዳፕሶን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው ብሎ ያስፈራሽ ሰው አልዋሸሽም። ሥጋ ደዌ አለብሽ ማለት ግን አይደለም፤ ያው እንክብል ቁስሉ ላይ የሚሰበሰቡትን የደም ወታደሮች ስለሚያበርድ ነው የተሰጠሽ። ዘነበወርቅ ስልሽ ፊትሽን ያዞርሽውም ለዚሁ እንደሆነ ገብቶኛል። እዚያ ያለው አለርት የተጀመረው ለሥጋ ደዌ ነው፣ ዛሬ የቆዳም የዐይንም ሕመምተኛ የሚሰለፍበት ሆስፒታል ነው። ማንም አያይሽም፣ ቢያይሽስ።

የዳፕሶኑ ነገር ደም ነው። ቀይ ደምን ይሰብራል፤ ከመጀመርሽ በፊት ያን የደም ምርመራ ያሠራንሽ ከተፈጥሮው የቀይ ደም መከላከያ የሚያንሰው ሰው ላይ በጣም ስለሚከፋ ነው። የአንቺ ደህና ሆኖ ስለተገኘ በግማሽ እንክብል፣ በ50 ሚሊግራም ጀመርሽ። ለመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ደምሽ ይታያል፤ ባለፈው ሳምንት እንዳልሄድሽ እትዬ ነግራኛለች። ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ከንፈርሽና ጥፍርሽ ሰማያዊ ካለ፣ ወይም ገበያ መንገዱ ላይ ከድሮው በላይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ «የመንዝ ዳገት ነው» አትበይ። ትኩሳትና ሽፍታ ቢመጣም ያው ነው፤ የሚቀጥለውን እንክብል ሳትውጪ ደውዪልኝ፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ይይሽ።

ፕሬድኒሶሎኑ ተቃራኒ ነው፤ እሱን በድንገት ማቆም አይቻልም። ሰውነትሽ የራሱን መሥራት ስለሚያቆም፣ ከ6 ፍሬ በአንዴ ወደ ባዶ ብትወርጂ ተዝለፍልፈሽ ትወድቂያለሽ። ሐኪሙ ባለው ቀን በአንድ ፍሬ ብቻ ይቀነሳል። የሚወሰደው ጠዋት፣ ምግብ ተበልቶ ነው። የነቢያት ጾም እንደሆነ አውቃለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምሺም አውቃለሁ። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። ወተት ጠጪ፣ ሥጋ ብዪ አላልኩም፤ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ኩባያ የገብስ አጥሚት ለብ አድርገሽ ጠጪና መድኃኒትሽን ዋጪ። በባዶ ሆድ ስትወስጂው ነው ጨጓራሽ የሚነድደው። ስኳርሽና ግፊትሽም መለካት አለበት፣ ይህ መድኃኒት ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል።

ጠብታው በየሁለት ሰዓቱ ነው። በትናንሿ ፕላስቲክ የላክሁልሽ ሆን ብዬ ነው፤ በትልቁ ብልቃጥ ያለው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር የደረቀ ዐይንን ያሳርራል። «ግማሹ ቀርቷል ለነገ» እያልሽ መሶብ ሥር እንደምታስቀምጪ ሚጡ አሳብቃብሻለች። የተከፈተ ፕላስቲክ አያድርም። ሌሊት ቅባቱን፣ ከጠብታው አምስት ደቂቃ ቆይተሽ። ጎረቤት ያመጣልሽን «ቅላት የሚያጠፋ» ጠብታ ጣይው፤ እንደዚያ ካሉት አንዳንዶቹ መቅላቱን አጥፍተው የዐይን ግፊት የሚጨምሩ፣ ቁስል ካለም የሚያብሱ ናቸው። ከሸንኮራ ዮሐንስ የመጣልሽን ጠበል ጠጪው፣ ሰውነትሽንም ተጠመቂበት፤ ዐይንሽን ግን ጨፍኚ። እንባ የሌለው ዐይን ራሱን አያጥብም፣ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ምጣድ ላይ እትዬ ትቀመጥ፤ የኩበት ጭስና የታኅሣሥ ንፋስ አንድ ላይ ለዚህ ዐይን አይሆኑም። ቆሎውንም ለጊዜው ተዪው፣ ድድሽን ይልጠዋል። ድምፅሽ ከሻከረ ወይም እንጀራ ጉሮሮሽ ላይ ከተያዘብሽ በሽታው ወደ ታች ወርዷል ማለት ሊሆን ስለሚችል አትደብቂኝ።

አትደብቂኝ ስልሽ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓመት ሙሉ «ምች ነው» ብለሽ ዳማከሴ ጨመቅሽበት። «ድዴ ነው» ብለሽ ምንም ያልሆኑ ሁለት ጥርሶች አስነቀልሽ። ለእኔ በየእሑዱ «ደህና ነኝ» ነበር። የአባባንም መርዶ እንዲሁ ነው፤ ፈተናዬን እንድጨርስ ብለሽ አርባው ካለፈ በኋላ አስነገርሽኝ። ሁሉም ሰው አልቅሶ ጨርሶ እኔ ብቻዬን ስጀምር፣ ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ ደክሞት ነበር። ለደግ ብለሽ ነው። አሁንም ለደግ ብለሽ ነው፣ ዐይንሽ ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ነው የሄደው።

ልጁ ፊደል ለይቷል። ስምሽን ሲጽፍ አንዱን ፊደል ሁልጊዜ ገልብጦ ይጽፈዋል፣ አስተማሪዋም እኔም አላረምነውም። ትንሿ ጥርስ አብቅላለች፣ ትናከሳለች።

ባለፈው እሑድ «የዐይን ባንክ አለ ይላሉ፣ የግራዬን ይቀይሩልኝ ይሆን?» ስትዪኝ ስለ ልጆቹ አወራሁሽ፣ ከዚያም ኔትወርክ ተቆረጠ አልኩሽ። አልተቆረጠም። ሚጡ፣ ሳትዘይ አንብቢላት። እማዬ፣ አይቀየርም። ከሰው የተወሰደ የብሌን መስታወት የሚይዘው እርጥብና ጤነኛ ዐይን ላይ ነው፤ በደረቀና በቀላ ዐይን ላይ ቢሰፋ ይቆስላል፣ ይደፈርሳል። በግራሽ የጠፋው የሚመለስ አይመስለኝም። የምሯሯጠው ለቀኙ ነው። የቀኙ ኪስ ገና አልተዘጋም፣ መድኃኒቱ የተሰጠሽም እዚያው እንዲያቆመው ነው።

ቀኙ ድንገት ካመመሽ፣ ብርሃን ካስጨነቀሽ ወይም ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ገናን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ግቢ። በጨርቅ አትሸፍኚው፣ ምንም ቅጠል አታስነኪው። ከደብረ ብርሃን እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መጥቼ እወስድሻለሁ።

እንዲህ ካልሆነ ከገና ማግስት ባለው ሰኞ እጠብቅሻለሁ። ስትመጪ የዋጥሽውንም ያልዋጥሽውንም፣ ባዶ ብልቃጡንም፣ የጎረቤትሽን ጠብታም ሳይቀር በአንድ ፌስታል ጠቅልለሽ አምጪ፤ ሐኪሙ ማየት ይፈልጋል። የደም ምርመራውን ወረቀት እትዬ ጉያሽ ውስጥ ትስፋልሽ። ባናውን ተዪው፣ እዚህ አለ።

ልጅሽ