ታወሩን ብቻ አትዩ፣ ብየዳውንም እዩ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ሊተከል ነው ከተባለ ሰው ወዲያው ፊርማ ማሰባሰብ ይጀምራል፣ ጨረሩ ካንሰር ያመጣል ልጆቻችንን ሊጨርስ ነው ይባላል፣ እኛም ብሎክ ሰሞኑን ወሬው ይሄው ነው። ሰው መስጋቱ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ፊርማው የሚሰበሰብበት በር አጠገብ ብየዳ ቤት አለ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው ብልጭታውን ያያሉ፣ ተው የሚላቸው የለም!

ሁለቱም ጨረር ነው ግን ጉልበታቸው አይገናኝም። የሞባይሉ ሞገድ ሲበረታ ያሞቃል እንጂ ዲኤንኤ (ሴል ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ) የሚበጥስ አቅም የለውም፣ ከብየዳው የሚወጣው አልትራቫዮሌት የሚባል ለአይን የማይታይ ጨረር ግን እያንዳንዱ ቅንጣቱ ከመቶ ሺ እጥፍ በላይ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሞባይልን ሞገድ በ2011 (እ.ኤ.አ.) «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» የሚለው ምድብ ውስጥ ከተተው፣ እዛ ምድብ ውስጥ እኮ እስያ የሚበላ በጨው የተቀመጠ አትክልትም አለ። የብየዳውን አልትራቫዮሌት ግን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠው አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው።

የብየዳው ተንኮል ደሞ ወዲያው አለማመሙ ነው። ቀን ሲያይ የዋለ ልጅ ሌሊት ላይ አይኑ አሸዋ የተበተነበት ይመስል እያቃጠለው እንባው እየወረደ ይነሳል፣ ቤተሰብም ምን እንደነካው ግራ ይገባዋል፣ የተቃጠለው የአይኑ የላይኛው ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፣ በያጁ ግን በየቀኑ ነው እዛ የሚውለው፣ ብዙ ጊዜም ማስክ ሳይሆን ተራ የፀሐይ መነጽር አድርጎ። መነጽር ጠቆረ ማለት አልትራቫዮሌት ያስቀራል ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ጨለማ ሲሆን የአይን ብሌን ስለሚሰፋ ብዙ ያስገባል።

ስለ አንቴናው አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ኔትወርክ ሲደክም ጆሯችን ላይ ያለው ስልክ ራሱ ጉልበት ጨምሮ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ታወር ማራቅ ሁሌ ጨረር መቀነስ ማለት አይደለም። ኮሚቴያችን ፊርማውን ይቀጥል ካለ ይቀጥል፣ ግን እግረ መንገዱን ብየዳ ቤቱ ፊት አንድ ቆርቆሮ ይከለልልን፣ ለበያጆቹም ትክክለኛ ማስክ እንዲገዛላቸው ባለቤቱን ይጠይቅልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ