ለአባቴ፦ ስለ ዳማ መውለጃ

ይድረስ ለውድ አባቴ
ኩታበር

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 16 ቀን

አሰላሙ ዓለይኩም አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ ውሻችን ዳማ ሆዷ ገፍቷል፣ ጡቶቿም ወርደዋል፤ ከበጎቹ ጋር መዋሏን ትታ ደጃፍ ላይ መተኛት አብዝታለች። እርስዎም «ውሻ ለመውለድ ምን ዝግጅት ያሻታል፤ የድሮዎቹ ከክምር ሥር ገብተው ይወልዱ አልነበረም ወይ» ብለዋል አሉ። እውነትዎን ነው፤ አብዛኞቹ ውሾች ያለ ማንም እርዳታ ይወልዳሉ፤ እኔም አዋላጅ ይቁምላት አላልሁም። ነገር ግን መውለጃዋ በታኅሣሥ ውርጭ ላይ የዋለ ስለሆነ፣ እንደ ኩታበር ባለ ደጋ ደግሞ አዲስ የተወለደን ቡችላ ከምጡ ባልተናነሰ ብርዱ ስለሚገድለው፣ ከወዲሁ ቢሰናዳ ይበጃል የምለውን ልጽፍልዎ ወደድሁ። በግ ሸጠው ያስተማሩኝ የእንስሳት ሕክምና ለራሳችን ቤት ውሻ ካልሆነ ለማን ይሆናል?

አስቀድመን ቀኑን እንቁጠር። ውሻ የምታረግዘው በአማካይ 63 ቀን ነው፤ ከ58 እስከ 68 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብትወልድ የተለመደ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በተጠቃችበት ቀን ላይ ሁለት ወር ከሦስት ቀን መጨመር ይበቃል። ወንድሜ የሰፈሩ ወንድ ውሾች ግቢያችንን የከበቡት በጥቅምት 8 አካባቢ ነበር ስላለኝ፣ ምጧ ታኅሣሥ 11 ገደማ ይሆናል፤ ከታኅሣሥ 6 እስከ 16 ባለው በየትኛውም ቀን ቢመጣም አይደንግጡ። ወንዶቹ ለቀናት ስለሚከታተሏት የመጀመሪያውን ቀን በትክክል ያወቀ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ታኅሣሥ 1 ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት። ውሻ ያልለመደችውን ቦታ ምጥ ሲጀምራት አትቀበለውም፤ ሳምንት ያህል ከተኛችበት ግን የራሷ አድርጋ ትይዘዋለች።

ቦታውን እኔ ብመርጥ ከማድቤቱ ጀርባ ያለውን የድሮውን የእህል ክፍል እመርጣለሁ። የምጣዱ ምድጃ የተደገፈበት ግድግዳ ሙቀቱን ወደዚያ ያሳልፋል፣ ጭሱ ግን አይደርስም፤ ሰው አይመላለስበትም፤ እርስዎ ከሚሰግዱበት ክፍልም ይርቃል። ውሻ ለእረኝነትና ለጥበቃ መያዝ እንደሚፈቀድ፣ አፏን የነከረችበት ዕቃ ግን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንደሚታጠብ ከልጅነታችን ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ የንጽሕናው ነገር እንዳያሳስብዎ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ ወንድሜ እንዲሠራ፣ ለዚሁም አንድ አሮጌ ሽርጥና የላስቲክ ጓንት ለብቻው እንዲያስቀምጥ ነግሬዋለሁ። እርስዎ በበላይነት ቢያዝዙ ይበቃል።

የበጎቹ ጋጣ ሞቃት ስለሆነ እዚያ ትተኛ የሚል ሐሳብ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ አልስማማበትም፤ በግ ደንብሮ ቡችላ ይረግጣል፤ የወለደች ውሻም ትናንት ስትጠብቀው የኖረችውን በግ ልጆቼን ነካብኝ ብላ ልትነክስ ትችላለች። ከክምሩ ሥር ከሆነ ደግሞ ጅቡን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከዚያም በላይ ምጡ ቢጠናባት ሰው እጁን የሚያስገባበት መንገድ የለም።

በክፍሉ ውስጥ ወንድሜ ካሉን አሮጌ ጣውላዎች ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ይሥራ። ዳማ በጎኗ ተጋድማ እግሯን እንደ ልቧ መዘርጋት አለባት፤ ከዚያ ከሰፋ ግን ሙቀት አይይዝም። ሦስቱ ጎኖች ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ቢሉ፣ መግቢያው አንድ ስንዝር ቢሆን፣ እሷ ትሻገረዋለች፣ ቡችሎቹ ግን አይወጡበትም። ከሁሉ በላይ እንዳይረሳ የምፈልገው በውስጥ በኩል ዙሪያውን የሚመታውን ቀጭን አጣና ነው፤ ከወለሉም ከጣውላውም አንድ ጋት ያህል ይራቅ። እናቲቱ ጀርባዋን አስደግፋ ስትተኛ ከኋላዋ የቀረ ቡችላ በአጣናው ሥር ባለው ክፍተት ይተርፋል፤ አጣናው ከሌለ ግን ድምፁ ሳይሰማ ታፍኖ ይሞታል።

ወለሉ ላይ ደረቅ ካርቶን፣ በላዩ የታጠበና የደረቀ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ። ምጥ ብዙ እርጥበት ስላለው መቀየሪያ ጨርቅ በብዛት መሰብሰብ ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ቢሆንም ከላይ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ ብናኙ በእርጥብ ቡችላ አፍንጫና አፍ ላይ ይጣበቃል። ክሩ የሚመዘዝ ጆንያም አይሁን፤ በእግራቸው ላይ ይጠመጠማል።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ ላብራራ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲበርደው እንኳ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ የሚተኙበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በእኛ ሰፈር የታኅሣሥ ሌሊት ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ለሱብሒ ሲነሡ የሚያዩት ነው። መፍትሔው ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥኑ አንድ ጥግ ማስቀመጥ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ የምለው የሞቀው ቡችላ ወደ ሌላው ወገን ማምለጥ እንዲችል ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም ይለወጥ፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ መልሶ ሙቀታቸውን ይወስዳል። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ወደዚያ ክፍል አይግባ። መስኮት በሌለው ክፍል የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ ውሻዋንም፣ አጠገቧ የሚያድረውን ወንድሜንም።

ምግቧን በሚመለከት፣ አሁን ሆዷ ቦታ ስለሌለው በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይሻላል። ጨውና በርበሬ የሌለው ፍትፍት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሲገኝም የተቀቀለ ሥጋ፤ ንጹሕ ውሃ ምንጊዜም አይለያት። ከወለደች በኋላ ግን ከተለመደው ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች፤ አይቆጥቡባት። ለበጎቹ የተገዛውን የትል መድኃኒት፣ ያን አልቤንዳዞሉን፣ «እሷንም ይጥቀማት» ብሎ የሚሰጣት ሰው እንዳይኖር፤ ለእርጉዝ ውሻ ጽንሱን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። የካልሲየም ክኒንም ከመውለዷ በፊት አይስጧት፤ ጥሩ ይመስላል እንጂ ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣቱን ስለሚያስተወው በኋላ ስታጠባ ለመንቀጥቀጥ ይዳርጋታል።

ምጡ መቅረቡን የሚያስታውቀው ሙቀቷ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለመውለድ አንድ ቀን ሲቀራት ወደ 37 ይወርዳል። ወንድሜ ከታኅሣሥ 4 ጀምሮ ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር ይለካት፤ ጫፉን ቫዝሊን ቀብቶ በፊንጢጣዋ ቀስ ብሎ ያስገባዋል፤ ዳማ ስለምታምነው ትፈቅድለታለች ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ምግብ ትተዋለች፣ ታለከልካለች፣ ጨርቁን ትቧጭራለች፣ ትነሣለች ትተኛለች። ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ የሚጠቅማት ጸጥታ ብቻ ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ሊያዩ መጡ ቢባል እርስዎ ይከልክሏቸው፤ ከእርስዎ በቀር የሚሰሙት የለም።

ማማጥ ስትጀምር ቡችሎቹ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ልዩነት ይመጣሉ፤ በመካከል እስከ ሁለት ሰዓት ብታርፍም ችግር የለውም። እያንዳንዱ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ እሷ ቀድዳ ትልሰዋለች፣ እትብቱንም በጥርሷ ትቆርጠዋለች። ሽፋኑን ቶሎ ካልቀደደች ግን ወንድሜ ወዲያው ከቡችላው አፍንጫ ላይ ቀድዶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ አፉን ጠርጎ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪጮህ ድረስ ይሸው፤ እትብቱን ከሆዱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቆ በተቀቀለ ክር ይሰርና ከክሩ ወዲያ ቆርጦ አዮዲን ይቀባው። ለእያንዳንዱ ቡችላ አንድ እንግዴ ልጅ መውጣት ስላለበት ይቁጠር፤ ዳማ ብትበላው የተፈጥሮዋ ነውና አያስደንግጥዎ።

ሳይዘገይ ሊደወልልኝ የሚገባው እነዚህ ሲታዩ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል አምጣ ምንም ሳይወጣ ሲቀር፤ አንድ ወልዳ ሌላ እንዳለ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ስትቆይ፤ የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ሲወርዳት፤ ወይም 68ኛው ቀን አልፎ ምጥ ሳይመጣ ሲቀር። ፈሳሹ ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ግን እንግዴ ልጁ ከማኅፀኑ ተላቅቋል፣ ቡችላው ሊታፈን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን «ምጥ የሚያፋጥን መርፌ አለኝ» የሚል ሰው ቢመጣ አያስነኳት፤ መንገድ የዘጋ ቡችላ እያለ ኦክሲቶሲን ከተወጋች ማኅፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ለማንኛውም ወደ ደሴ የሚያደርሳት መኪና ከአሁኑ ቢነጋገሩበት መልካም ነው፤ ሌሊት መኪና መለመን ከባድ ነው።

ቡችሎቹ በመጀመሪያው ቀን እንገሩን መጥባት አለባቸው፤ ከበሽታ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ቀዝቅዞ የተገኘ ቡችላ ካለ ከማጥባት በፊት በደረት ላይ ይዞ ቀስ በቀስ ማሞቅ ይቅደም፤ የቀዘቀዘ አንጀት ወተት አይፈጭም። የላም ወተትም አይተካላቸውም፤ የውሻ ወተት ቅባቱም ፕሮቲኑም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፤ የላሙ ወተት ደግሞ ያስቀምጣቸዋል። ክብደታቸው በ10 ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይከፈታል። ዳማ ሲያንቀጠቅጣትና ስትንገዳገድ ከታየች፣ ይልቁንም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት፣ ካልሲየም አንሷታልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ያሻታል።

አሁን የማይስማሙበትን ልጻፍ። ሴቶቹን ቡችሎች ለይቶ ገደል አፋፍ የሚጥል ሰው በሰፈራችን አይጠፋም፤ እርስዎም በልጅነታችን ሲሆን አይተው ዝም ይሉ ነበር። ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን እለምንዎታለሁ። ልጆቿ በአንድ ቀን የተወሰዱባት እናት ጡቷ ተወጥሮ ይታመማል፤ ደግሞም ጥሩ ጠባቂ ሴትም ትሆናለች፤ ዳማ ራሷ ምስክር ናት። የሚወስዳቸውን ሰው እኔም ከኮምቦልቻ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ማለትም እስከ የካቲት 7 ገደማ፣ ከእናታቸው አይለዩ። ወስፋት በማኅፀንና በወተት ከእናት ስለሚተላለፍ ከታኅሣሥ 25 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጣቸውን ፒራንቴል የሚባል የትል መድኃኒት በሚዛናቸው ልክ አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ይህ የሰፈሩን ልጆችም ይጠብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላቸው መጋቢት ላይ መጥቼ ራሴ እሰጣቸዋለሁ፤ ዳማንም በዚያው ጊዜ እንዳትወልድ ማምከኑን እንነጋገርበታለን። እስከዚያ ሰው ብትነክስ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቴርሞሜትሩን፣ ጓንቱን፣ አዮዲኑንና ክሩን በአንድ ከረጢት አድርጌ በመጪው ቅዳሜ ወደ ኩታበር በሚወጣ ሰው እልካለሁ፤ የጉልበትዎ መድኃኒትም አብሮ ነው፤ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት። የምጡ ሌሊት እርስዎ ወደዚያ ክፍል እንዳይወጡ፤ ደጃፉ በውርጭ ያንሸራትታል። ወንድሜ አጠገቧ ያድራል፤ እኔም ስልኬን አላጠፋም።

ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ