ሐዋን ተያት፣ እማዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ግፊትሽንስ ተለካሽ? እኔና ይመር አልሐምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ ተረጋግተሽ አንብቢው። ራስሽ አንብቢው እሺ? ለእትዬ ብርቄ አታስነብቢ። እሷ ካየችው ሳይመሽ ሰኞ ገበያ ይደርሳል።

በዒዱ ያልሽኝን፣ ሰሞኑንም በስልክ የደገምሽልኝን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት። "ማህፀንሽ ቢወጣ እንቁላልሽ ደህና ነው ብለውሽ የለ? ሐዋ ትሸከምልሽ። ሆድ የእኅትሽ፣ ልጅ የአንቺ።" ማን እንደነገረሽ እንጃ እንጂ፣ ነገሩስ ልክ ነሽ፤ ይቻላል። እኔ እንቁላሎቹ እስኪደርሱ መርፌ እወጋለሁ። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ይቀዳቸዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ከይመር ዘር ጋር ይገናኛሉ። ጽንሱ ከ3 እስከ 5 ቀን እዚያው ካደረ በኋላ በቀጭን ቱቦ ሐዋ ማህፀን ውስጥ ይገባል። ላብራቶሪ ውስጥ ተጸንሳ የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እሷ የገዛ እናቷ ሆድ ውስጥ ነው ያደገችው። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና የራሷን ልጆች ወልዳለች። ይኸው አሁን እኛም አገር ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናው አለ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሐዋ ነገር ነው።

በዒዱ ለት አንቺ እንግዶቹን ልትሸኚ ስትወጪ ሁለታችን ጓዳ ቀረን። ሐዋ ሲኒ ታለቀልቅ ነበር። ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ይዞ ይጎትታታል። አንዱን ሲኒ አለቀለቀችው፣ አስቀመጠችው፣ መልሳ አንስታ እንደገና አለቀለቀችው። ከዚያ ቀና ሳትል "መርፌው ያማል እንዴ?" አለችኝ። "አንቺስ ምን ትያለሽ? ትፈልጊያለሽ?" ስላት "እማዬ ካለች እንግዲህ ምን እላለሁ" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ቡናው ቀረበ፣ አንቺም ገባሽ፣ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

አየሽ እማዬ፣ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። በእኛ ቤት ለእናት እምቢ እንደማይባል አንቺም ታውቂያለሽ፣ ያሳደግሽን እንደዚያ ነው። እኔም ብሆን እሷ ቦታ እንዲሁ ነበር የምመልሰው።

የፈረንጅ ሕግ አውጪዎች አንዳንዶቹ በገንዘብ ለሌላ መሸከምን ይከለክሉና በነጻ የሚደረገውን፣ የእኅት ለእኅት ዓይነቱን፣ ይፈቅዳሉ። ንጹሕ ነው ብለው ነው። ስለ ገንዘቡ ጥፋት የላቸውም። ሕንድ ለዓመታት የድሃ ሴት ማህፀን ሲከራይባት ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕግ ዘጋችው። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ለአውስትራሊያውያን ባልና ሚስት መንታ ተሸክማ ወለደች። ሴቷ ልጅ አውስትራሊያ ሄደች፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ወንዱ እዚያው ከወለደችው ሴት ጋር ቀረ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም ሁሉ ጉድ ያለበት ነው። በዓመቱ ታይላንድም ለውጭ ሰው በሯን ዘጋች። ግን እማዬ፣ በነጻ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው የሚሉትን እኔ አልቀበልም። የምትከፈል ሴት ቢያንስ "ዋጋው አነሰኝ፣ ይቅርብኝ" ብላ ትሄዳለች። ሐዋ የት ትሄዳለች? ከእናቷ ቤት?

ሕንዶቹ በአዲሱ ሕጋቸው በነጻ ለምትሸከም ሴት እንኳ ገደብ አበጅተዋል። ዕድሜዋ ከ25 እስከ 35 መሆን አለበት፣ የራሷን ልጅ የወለደች መሆን አለባት፣ በሕይወቷም ከአንድ ጊዜ በላይ አትሸከምም። እንግሊዞቹ ደግሞ የወለደችው ሴት ልጁን ለመስጠት የምትፈርመውን ፈቃድ፣ ከወለደች 6 ሳምንት ሳይሞላት ከሆነ፣ እንዳልተፈረመ ነው የሚቆጥሩት። ይህን ሳነብ ገርሞኝ ሳቅሁ። አራስ ቤት የማያውቁ ይመስሉኝ ነበር! አርባ ቀን ያልሞላት ሴት ላይ ነገር እንደማይቆረጥ አንቺም ከእናትሽ ነው የሰማሽው።

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 አንዲት ሴት በውል ለሌላ ባልና ሚስት ልጅ ወልዳ አልሰጥም አለች። እንቁላሉም የራሷ ነበር፣ የእኛ ከዚያ ይለያል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ውሉን ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው፣ ልጅቷን ለአባቷ ሰጠ፣ ለእናትየው ደግሞ የመጠየቅ መብት አስከበረላት። ሁሉም አንድ አንድ ነገር አገኙ፣ ሁሉም አለቀሱ። ሐዋ እንዲህ ታደርጋለች እያልኩ አይደለም። እንዲያውም የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ሆዷ እየባባ፣ ጡቷ እየሞላ፣ ዝም ብላ ትሰጠኛለች። ከዚያ በየዒዱ እዚያች ጓዳ ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን።

አሁን ደግሞ የእኛን አገር ሕግ ስሚኝ። ይመር የሚያውቀው ጠበቃ አለ፣ ቁጭ ብሎ አስረዳን። በእኛ አቆጣጠር ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ፣ በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው። እንቁላሉ የማን ነው የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም። ማህፀን ስለማዋስም እነዚህ ሕጎች ውስጥ አንድ አንቀጽ አልተጻፈም። ስለዚህ ሐዋ ስትወልድ ወሳኝ ኩነት ሄደን የምናስመዘግበው የእናት ስም የሐዋ ነው። ቆይ፣ አላለቀም። በጋብቻ ውስጥ ለተጸነሰ ወይም ለተወለደ ልጅ ሕጉ አባት የሚለው ባልየውን ነው። ሰይድ ምስኪኑ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ የእኔ ልጅ አባት ሆኖ ያድራል! ለመሆኑ ሰይድን የጠየቀው አለ? ጠበቃውም እየሳቀ፣ "እንግዲህ የገዛ ልጅሽን ከእኅትሽና ከባሏ በጉዲፈቻ ልትወስጂ ፍርድ ቤት ትቆሚያለሽ" አለኝ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

አንቺ ደግሞ "ሐዋ በእኔ ስም ትታከም፣ በእኔ ስም ትውለድ፣ ማን ያውቃል?" ብለሽኛል። እማዬ፣ አዋላጇ ታውቃለች። ሐዋ ታውቃለች። ልጁም አንድ ቀን ይጠይቃል። ውርስ የመጣ ዕለት ደግሞ የማያውቅ ሰው አይኖርም። በሐሰት ሰነድ የተጀመረ ልጅ ላሳድግ አልችልም፣ በዚህ አትምጪብኝ።

ይመር ሸኹንም ጠይቋል። የባልና የሚስት ከሆነ፣ ጋብቻው እንዳለ፣ ላብራቶሪ ውስጥ መገናኘቱ ችግር የለውም አሉት። ሦስተኛ ሰው ከገባበት ግን አይሆንም። መካ ያለው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1984 የአንድ ባል ሁለት ሚስቶች ከሆኑ አንዷ ለሌላዋ ትሸከም ብሎ ፈቅዶ፣ በዓመቱ ራሱ መልሶ ከለከለው። ኢራን ያሉት የሺዓ ሊቃውንት የሚፈቅዱ አሉ፣ የእኛዎቹ ግን እናት ማለት የወለደችው ናት ይላሉ። በዚህ በዚህ ሸኹና ጠበቃው ተስማምተውልኛል፣ ብርቅ ነው።

እትዬ ብርቄ "ሣራስ በአጋር ልጅ አግኝታ የለ" እንዳለችሽ ነግረሽኛል። እውነቷን ነው። ግን አጋርን ማን ጠየቃት? በእነሱም በእኛም ታሪክ ሴትዮዋ ልጇን ይዛ መጨረሻዋ በረሃ ነው። ይህን ንገሪያትና ምን እንደምትመልስ ጻፊልኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ዋናውም እሱ ነው። ሐዋ ሁለቱንም ልጆቿን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ደም የመፍሰሱ አደጋ ይጨምራል። የእንግዴ ልጁ አሮጌው ጠባሳ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚልበት ጊዜ አለ። እኔ ማህፀኔን እንዴት እንዳጣሁ አንቺ ነሽ አጠገቤ ሆነሽ ያየሽው። ያን ደም ያየሽ ሰው ሁለተኛዋን ልጅሽን እዚያው አልጋ ላይ ልታስተኚያት? ሐዋ አንድ ነገር ብትሆን የነዚያን ልጆች ዓይን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ከክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። እኔ ስከፋ አንቺ እንቅልፍ የለሽም። ጀማ ንጉሥ ስለት እንደገባሽልኝም ሰምቻለሁ፣ ሐዋ ነግራኛለች። ዱዓሽን አትተይኝ። ግን ዱዓውን ለእኔና ለይመር አድርጊው፣ ሐዋን ከውስጡ አውጫት። እኛ ወላጅ ያጣ ልጅ ስለማሳደግ እየተነጋገርን ነው። ከዘመድም ይሁን ከባዕድ፣ የአባቱ ስም እንደያዘ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይደበቅ። ይመር ትንሽ ያመነታል፣ ወንድ አይደል። እኔ አላመነታም። ደሴ ስመጣ ቁጭ ብለን እናወራበታለን፣ ቅር ያለሽንም ሁሉ ትነግሪኛለሽ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለሐዋ አንቺ ደውይላት። "የእኅትሽ ነገር ቀርቷል፣ እኔም አልፈልገውም" በያት። እኔ ብነግራት ተከፍቼ የቀረሁባት ይመስላታል፣ እንዲያውም ይብስ ትጨነቃለች። ካንቺ ስትሰማው ነው የምታምነው። ከሰይድ ጋር ሆና ሳይሆን ብቻዋን ስትሆን ደውይላት፣ ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ይሻላል። እንዳታለቅሺባት ደግሞ!

የግፊት መድኃኒትሽን ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ነው። በርበሬ አትላኪ፣ ያለው አላለቀም። እትዬ ብርቄን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ ከድጃ
ከአዲስ አበባ