ልጆቹ መጽሐፉን መቼ ይንኩት?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሰፈራችን ስላለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የመጻሕፍት መደብር ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። «ልጆች ከመጻሕፍት ጋር የተገናኙበት ደማቅ ዝግጅት» ይላል። ደማቅ መሆኑን አልክድም። ሞንታርቦው እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ይሰማ ነበር። «ከመጻሕፍት ጋር የተገናኙበት» የሚለው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። እኔም እዚያው ነበርኩና።

አስቀድሜ ልናገር፤ መደብሩን እወደዋለሁ። ሰዎች አንብበው የጨረሷቸውን መጻሕፍት በነፃ ይሰጡታል። እሱ በርካሽ ይሸጣቸዋል። የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ልጆችን ለማስነበብ ይውላል። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ በማይቀመስበት በዚህ ጊዜ፣ እንደ እኔ ላለ የጡረታ ደሞዝተኛ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የምጽፈው ለማጣጣል አይደለም።

የተጠራነው ለ8 ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ይሁን፣ የሐበሻ ቀጠሮ ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከፊት ተደርድረዋል። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ተጠበቀ። መጡ፤ ንግግር አደረጉ። ከዚያ የቦርድ አባሉ ቀጠሉ። ከዚያ ስፖንሰሩ። ከዚያ ማን እንደሆኑ ያልገባኝ ሌላ ሰው። አራቱም ንባብ ሙሉ ሰው ያደርጋል አሉ።

የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሁለተኛው ንግግር መሀል ላይ እጄን ጎተተችኝ። «አባባ፣ መጽሐፉን መቼ ነው የምናየው?» መጽሐፉ እኮ አጠገቧ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በአበባ ተከቦ፣ ሪባን ታስሮበት ተቀምጧል። እጇን ሰደደች። አንዲት አስተናጋጅ «ቆዪ ሚጣዬ፣ ገና ፎቶ አልተነሳም» ብላ መለሰቻት።

ፎቶው ተነሳ። በጋዜጣችሁ የወጣው እሱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መጽሐፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይታያል። ከፎቶው በኋላ መጽሐፎቹ ተሰብስበው ወደ መደርደሪያው ተመለሱ። ይህን ዘጋቢያችሁ አላየም፤ ቀድሞ ሄዶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በሩ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ንግግሩ ሲረዝምብኝ ወጣ ብዬ አንድ ስኒ አዘዝኩ። ከረከቦቱ ሥር አንድ መጽሐፍ መዝዛ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ለስንተኛ ክፍል ትሆናለች?» ከሽያጭ ጠረጴዛው በ40 ብር የገዛችው ነው። ሽፋኑ ላይ ዝሆን ስላለ የልጆች መስሏታል። ገለጥኩት። እንግሊዝኛ ነው። ስለ ዝሆን ጥርስ ንግድ ያወራል፤ ፊደሉ ደቃቃ፣ አንድም ሥዕል የለው። ለሁለተኛ ክፍል ልጇ ነበር የገዛችው።

«ምነው ሻጩን ብትጠይቂው?» አልኳት።

«አፈርኩ» አለች። ቀጥላም፣ «ፊደል ቆጥሬ ነበር እኮ፣ አገር ቤት እያለሁ። ጠፋብኝ።» ቴሌብር የሚልክላትን መልእክት እንኳ የሚያነብላት ደንበኛ ነው።

ይህቺ ሴት ከመደብሩ በር ሦስት እርምጃ ርቃ ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው። «ግቢ» ያላት የለም። ስፖንሰሩ ከእሷ ቡና ጠጥተው ገብተው ነው መሃይምነትን እናጥፋ ያሉት።

«ጠፋብኝ» ያለችው ቃል ወደ 1971 ዓ.ም. ወሰደኝ። ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ይባል ነበር። እኔም እንደ ተማረ ተቆጥሬ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ተሰጠኝ። ማታ ማታ በፋኖስ ነው የምናስተምረው። እናቶች ልጅ አዝለው፣ እጃቸው ሽንኩርት እየሸተተ ይመጣሉ። አንዷ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቷን ቀደደችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እንደ ብር።

ስለዚያ ዘመን ብዙ የሚባል አለ፤ ዛሬ አልገባበትም። ዘመቻው ግን ሥራ ሠርቷል። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ሸልሞታል። የእኔ ተማሪዎች ግን ሰርተፍኬታቸውን ከያዙ በኋላ የሚያነቡት አጡ። ሰፈራቸው መጽሐፍ የለ፣ ጋዜጣ አይደርስ። ያቺን ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ የቋጠረች ሴት ከስድስት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋት። ስሟን መጻፍ አልረሳችም። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባታል። ያኔ የቸገረን እንዲህ ያለ መደብር ነበር፤ በየሰፈሩ፣ በርካሽ፣ በሩ ክፍት የሆነ። ዛሬ ተገኘ፤ እኛ ደግሞ ሪባን እንቆርጥበታለን።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ አሁንም እሄዳለሁ። ቡና ሻጯ ግን አራት ኪሎ አትሄድም። ረከቦቱን ለማን ጥላ?

ልጆቹም ቢሆኑ ክፍል ገቡ ማለት አነበቡ ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሠላሳ ምናምን ዓመት በጠመኔ ስለኖርኩ ብዙም አልገረመኝም። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ንባብ ጥቅም ስለተነገረው አያነብም። አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ፣ ሲሳሳት ሳይቆጣ ማስነበብ አለበት። በመደብሩ ዝግጅት ቀን እኮ አዳራሹ ውስጥ ማንበብ የሚችል ከ60 ያላነሰ ትልቅ ሰው ነበር። ሁላችንም ስናጨበጭብ ዋልን።

ደግሞ ሰው አጥተን አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አስታውሱ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አሥራ አምስት ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዘው አገራቸው ገቡ። በማግስቱ ዓመት ሾላ የሚገኘውን የመኖሪያ ቤታቸውን ምድር ቤት ለልጆች ቤተ መጻሕፍት አደረጉት። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ይሄድ ነበር። አህያዋ ንግግር አታደርግም። ጋሪው ይቆማል፣ ልጆቹ ይመርጣሉ፣ ቁጭ ብለው ያነባሉ።

ስለ መደርደሪያውም አንድ ነገር ልበል። ከውጭ በእርዳታ የሚመጣው መጽሐፍ ሁሉ መጽሐፍ ነው ብሎ መደርደር ይቅር። ባለፈው ወር ስለ በረዶ መንሸራተቻ እና ስለ አሜሪካ ግብር አሞላል የሚያስተምሩ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጎን ለጎን አይቻለሁ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ የልጆች መጽሐፍ ግን በአንድ ካርቶን ያልቃል። የመጣውን ሁሉ ከመቀበል ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

ለመደብሩ ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ይከበራል። በእኛ ጳጉሜን 3 ላይ ይውላል፤ ሩፋኤል ነው፣ ልጆች ዝናብ የሚጠመቁበት ቀን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወላጅ ሁሉ ደብተር ሊገዛ በመደብሩ በር ያልፋል። በዚያ ቀን ሞንታርቦ ቢቀር፣ የክብር እንግዳም ቢቀር ምን ይጎድላል? ምንጣፍ ይነጠፍ። ከዝናቡ የወጣ ልጅ እጁን አድርቆ ይግባ፣ የፈለገውን ይምረጥ፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሲሄድ መጽሐፉን ይዞ ይሂድ። ይቀደዳል የምትሉ እንደሆነ፣ ይቀደድ። ፎቶም ካስፈለገ እያነበቡ ይነሡ።

ለትልልቆቹ ደግሞ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ቡና ሻጯን ጠይቄአታለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ይመቸኛል ብላለች። ጉሊት ያሉ ሁለት ጓደኞቿም አሉ። የቤት ውስጥ ጥቁር ሰሌዳዬ አሁንም ግድግዳ ላይ ነው፤ ነቅዬ አመጣለሁ። ጠመኔም አለኝ። በሩን የሚከፍትልን ሰው ከተገኘ በሚቀጥለው ማክሰኞ እንጀምራለን።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ